የምንጠጣው ቡና ደህና ነው፤ የምታፈላልን ልጅስ?

 

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ሁሉ አንደኛ የሚወጣው የቱ ነው ብትሉኝ፣ የደም ግፊትም የስኳርም አይደለም። «ዶክተር፣ ቡና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚለው ነው። «በቀን ስንት ስኒ ልጠጣ?»፣ «ለጨጓራ እንዴት ነው?»፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ልተወው ወይ?» እያለ ይቀጥላል።

ዛሬ እመልሳለሁ። ነገር ግን መልሱን ይዤ የመጣሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጂንካ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ ጀበና ቡና ቤት ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ቡናዬን ስጠጣ፣ ሁላችንም ስንጠይቀው የኖርነው ጥያቄ ግማሽ ብቻ መሆኑ ገባኝ። የጠጪውን ጤና እንጠይቃለን። ጀበናው አጠገብ የተቀመጠችውን ግን ማን ይጠይቃታል?

እስቲ ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

ጂንካን ለማታውቋት፣ ቅዳሜ የገበያ ቀኗ ነው። ከደጋው አሪዎች ቡናቸውን፣ እህላቸውን፣ ሙዝና ጎደሬያቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ከቆላው ደግሞ በናውም ሙርሲውም ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲበርድ ሰው ሁሉ እግሩን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል። ከገበያው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጀበና ቡና ቤት አለች። አራት ሜትር በሦስት ብትሆን ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዞባታል፤ ዙሪያውን ዱካ ተደርድሯል። ረከቦቱ ጥግ ላይ፣ ከጎኑ ማንደጃ፣ ከማንደጃው ላይ ጀበና፣ ከጀበናው ጎን የዕጣን ማጨሻ። ባጃጅ ሹፌሩ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ቱሪስት የሚያዞረው ልጅ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ቦታ ካጣችሁ ውጪ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ቡናዋ ስለሚጣፍጥ ሰው ይጠብቃል።

በነገራችን ላይ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ቡና መልኩ ብዙ ነው። ደጋው ላይ አሪዎች ያመርቱታል። ቆላ ስትወርዱ ሐመሩና በናው የቡናውን ገለባ በትልቅ ማሰሮ አፍልቶ በቅል ይጠጣዋል። ለሥራ ወደ ቱርሚ በወረድኩ ቁጥር፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት ያ ትኩስ ቅል ነው። ቁርበት ላይ ተቀምጬ እየጠጣሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኔ ያነባል። ጎጆው ውስጥ እሳት አለ፣ ጭሱም አለ። የቤቱ እመቤት ግን ቁጭ ብላ ማሰሮዋን ታማስላለች። «እነሱ ለምደውታል» ይሉኛል አብረውኝ የሄዱት። ዓይን ሊለምድ ይችላል። ሳንባ ግን አይለምድም።

ይህንን ለጊዜው ያዙልኝና መጀመሪያ ለጠጪዎቹ ቃሌን ልፈጽም።

ቡና ለጤነኛ አዋቂ ሰው መርዝ አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንደሚያሳየው፣ በቀን ከሦስት እስከ አራት ስኒ የሚጠጡ ሰዎች ጨርሶ ከማይጠጡት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ በምልከታ የተገኘ ውጤት ስለሆነ «ቡና መድኃኒት ነው» ማለት አይደለም። «ቡና ይገድላል» የሚለውን ግን አይደግፍም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊግራም ስጋት እንደማያመጣ ገልጿል። የጀበናችን ስኒ ትንሽ ብትሆንም ቡናዋ ወፍራም ስለሆነ፣ እኔ ለነፍሰ ጡሮች የምመክረው በቀን ከሁለት ስኒ እንዳያልፉ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦

- ስኳሩ። በአንድ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው በአራት ስኒ 32 ግራም ገደማ ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ ገና ምግብ ሳንበላ በቡና ብቻ የተሻለውን ልክ አለፍነው ማለት ነው።

- ሰዓቱ። ካፌይን ከሰውነታችን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ማታ 12 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ደማችሁ ውስጥ ነው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ከማለታችሁ በፊት የመጨረሻዋን ስኒ በስንት ሰዓት እንደጠጣችሁ አስታውሱ።

- ሙቀቱ። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ቡናን ራሱን ከካንሰር ተጠርጣሪነት ነፃ ሲያደርገው፣ ከ65 ዲግሪ በላይ እጅግ ትኩስ ሆኖ የሚጠጣን ማንኛውንም መጠጥ ግን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል። ከጀበና እንደወረደ አትጉረሱት፤ ትንሽ ይብረድ።

- ደም ማነስ ካለባችሁ ከምግብ ጋር መጠጣት። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ሰውነት የሚመጠውን አይረን በ39 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ! ስለዚህ «ቡናውን ተውኩ፣ ሻይ ነው የምጠጣው» የምትሉ ደም ማነስ ያለባችሁ ሰዎች፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የገባችሁት።

የጠጪው ጉዳይ ይኸው ነው። ስኳሩን ቀንሱ፣ ሰዓቱን ጠብቁ፣ ከምግብ አርቁት፣ ከዚያ ያለ ጭንቀት ጠጡ።

አሁን ወደዚያች ቤት እንመለስ።

አቦሉን ጠጥቼ ቶናውን ስጠብቅ፣ የምታፈላው ልጅ ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝ። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ለራስ ምታት የሚሆን ክኒን ይዘዋል?» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳያት አወቅኳት። የምሠራበት ቦታ ለእርግዝና ክትትል መጥታ ነበር። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሄሞግሎቢኗ 9.1 ነበር። በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ 11 መሆን ነበረበት። የአይረን ክኒን አዝዤላት በሁለት ሳምንት ተመለሺ ብያት ነበር። አልተመለሰችም።

«ለምን ቀረሽ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ቡና አቁሚ አሉኝ እኮ ዶክተር» አለችኝ። «እኔ ካቆምኩ በምን እበላለሁ? የቤት ኪራዩስ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ሲገባኝ አንገቴን ደፋሁ። ያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር። የሥራ ዓይነት የሚለውን መስመር አልጠየቅኳትም። ካርዷን እያየሁ «ደም ማነስ አለብሽ፤ ቡና አቁሚ፣ ክኒኑን ዋጪ» ብዬ ወደሚቀጥለው ታካሚ ሄድኩ። እሷ የሰማችው «ሥራሽን አቁሚ» የሚል ነው። ክኒኑ ከቡና ጋር አይሄድም ሲሏት ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ስለማይለያት ክኒኑን ተወችው። እኔ በሁለት ደቂቃ ምክር አንዲትን ነፍሰ ጡር ከክትትሏም ከመድኃኒቷም አለያየኋት። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው።

«ራስ ምታቱ መቼ ነው የሚጀምርሽ?» አልኳት።

«ከሰዓት። ማታ ደግሞ ይብሳል። ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛልም። ሱሱ ነው መሰለኝ፣ ቡና እየቀነስኩ ስለሆነ። አንዳንዶቹ ደግሞ እርግዝናው ነው ይሉኛል።»

«የምትዘጊበት ቀን አለ?»

«እሑድ። እሑድ ቤተክርስቲያን ስለምሄድ አልከፍትም።»

«እሑድስ ያምምሻል?»

አሰበች። «አይ... እሑድ ደህና ነኝ።»

ያኔ ክፍሏን ዞር ብዬ አየኋት። ከኋላ አንዲት መስኮት አለች፤ ለሌባ ተብላ በሚስማር ተመትታ ተዘግታለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ማንደጃው ሙሉ ፍም ነው። ዕጣኑ ይጨሳል። ጠዋት 12 ሰዓት ከፍታ ማታ 2 ሰዓት ነው የምትዘጋው። አሥራ አራት ሰዓት! እኛ ሃያ ደቂቃ ተቀምጠን እንወጣለን። እሷ ግን በቀን አሥራ አራት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከፍሙ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነች።

በሩን ማን ገርበብ እንዳደረገው ልንገራችሁ? እኔ ነኝ። ስገባ አቧራው ስላስቸገረኝ «እስቲ በሩን መለስ አድርጊው» ብያት ነበር።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከሰል እንደ እንጨት ስለማይጨስ ንጹህ ይመስለናል። ጭሱ የማይታየው ግን አደገኛው ነገር ስለሌለ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ሲተነፍሱት ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በሌላ አባባል ባጃጁ ላይ ሌላ ሰው ቀድሞ ተሳፍሯል፤ ኦክስጅን ቦታ አጥቶ ይቀራል።

ይህቺ ልጅ ደግሞ መጀመሪያውኑ ባጃጆቿ ጥቂት ናቸው፤ ደም ማነስ አለባት። ያሉትም በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዘዋል። ማህፀኗ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ የሚያገኘው ከእሷ የተረፈውን ነው። የፅንሱ ደም ይህንን ጋዝ ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ቶሎም አይለቀውም። በተደጋጋሚ ለእንዲህ ያለ ጭስ መጋለጥ የልጁን ክብደት ሊቀንስ፣ ያለጊዜው እንዲወለድም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሌላው አሳሳች ነገር፣ ክሊኒክ ሄዳ ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያዋ ብትሰካላት «98፣ ደህና ነሽ» ልትላት ትችላለች። ያቺ መሣሪያ ኦክስጅን የያዘውን ሄሞግሎቢንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን አትለይም። ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሐኪሞችና ነርሶች፦ ቡና የምታፈላ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ጥብስ የምትጠብስ ሴት «ራሴን ያመኛል» ብላ ስትመጣ መሣሪያውን ከማመናችን በፊት «የት ነው የምትሠሪው? በዕረፍትሽ ቀን ይሻልሻል?» ብለን እንጠይቅ። ሁለት ጥያቄ ናት። አንድ ደቂቃ አትፈጅም። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት፣ ማለትም በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በላምባ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ይህ ቁጥር ስለ ማብሰያ እሳት ነው። በየሰፈራችን ያሉ ጀበና ቡና ቤቶች ደግሞ ማብሰያ እሳቱን ወደ ንግድ ቤት አምጥተው፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ሲነድ እንዲውል አድርገውታል።

«እናቶቻችንስ? ዘመናቸውን ሙሉ ሲያፈሉ ኖረው የለ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ኖረዋል። ነገር ግን እናቴ ቡና የምታፈላው በቀን ሁለቴ ሦስቴ ነበር። ብዙ ጊዜም በረንዳ ላይ ወይም በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ቤት። ጎረቤት ተጠርቶ፣ በረካው ተጠጥቶ፣ ፍሙ አመድ ይለብስና ያበቃል። የዛሬዋ ልጅ አቦል ቶና በረካዋን በቀን ሠላሳ ጊዜ ትደጋግመዋለች። ባህሉ ያው ነው። መጠኑ ግን አንድ አይደለም። በሕክምና ደግሞ መድኃኒትና መርዝን የሚለያቸው መጠን ነው።

ስለ ባህሉ ከተነሳ፣ እኔ ጀበናን የሚጠላ ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባ ስሄድ ፒያሳ ቶሞካ ሳልገባ አልመለስም። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ከፍ ባሉት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆመን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ ማኪያቷችንን ጠጥተን እንወጣለን። እዚያ ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ከሚቀዳው ልጅ አፍንጫ ሥር ፍም የለም። ጂንካ ግን ሁሉም ሰው ያን ማሽን ይግዛ ብል ቀልድ ይሆንብኛል። ዋጋው አይቀመስም፤ መብራቱም በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። ደግሞም የጀበና ቡና ቤት የሚሰጠንን ነገር ማሽን አይሰጠንም። ቶሞካ ቆመን በሩብ ሰዓት እንወጣለን። ጀበና ቡና ጋ ግን ተቀምጠን ሰው እንሆናለን። ባሏ የሞተባት፣ ሥራ ያጣው፣ ከዘመድ የራቀው ሁሉ የሚወጣለት እዚያ ነው። ለአእምሮ ጤናችን እንዲህ ያለ ቦታ ብርቅ ነው። ይዘጋ የሚል ሐሳብ የለኝም።

የኔ አቋም እንዲህ ነው፦ ጥፋተኛው ቡናው አይደለም፣ ጀበናውም አይደለም፤ የተዘጋው ክፍል ነው። የተዘጋውን ክፍል የምንፈልገው ደግሞ እኛ ደንበኞቹ ነን። «ነፋስ ገባ»፣ «አቧራ ነው»፣ «ሙዱ ጠፋ»፣ «ዕጣኑን ጨምሪበት» የምንለው እኛ ነን። እሷ ደንበኛ እንዳይሄድባት ትዘጋዋለች። የሃያ ደቂቃ ምቾታችንን የምትከፍለው እሷ ነች። ስለዚህ መፍትሔውም ከእኛ ይጀምራል።

ምን እናድርግ?

ለደንበኞች፦

- ስትገቡ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ። «ይከፈት፣ እኔ ይስማማኛል» በሉ። ደንበኛ ሲለው እሷ አትፈራም።
- ከቻላችሁ ውጪ ተቀመጡ። ውጪ የሚቀመጥ ሰው ከበዛ ማንደጃውም ቀስ በቀስ ውጪ ይወጣል።
- ዕጣን እንዲጨመር አትጎትጉቱ። ቡናውን ለማጣጣም ትንሽ ይበቃል። አስም ያለበት ሰው አጠገባችሁ ሊኖር ይችላል።

ቡና ለምታፈሉ እህቶችና እናቶች፦

- ማንደጃውን በረንዳ ላይ ወይም በር ላይ አድርጉት። መቁላቱም ማፍላቱም ውጪ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ጀበናው ብቻ ይግባ።
- ከሰሉን ሁልጊዜ ውጪ አቀጣጥሉት። በደንብ የቀላ ፍምም ቢሆን ጋዙን ያወጣል፤ «ጭሱ አልቋል» ብላችሁ በተዘጋ ቤት አታስገቡት።
- ማታ ለሙቀት ብላችሁ ፍም ይዛችሁ አትተኙ። በየክረምቱ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው።
- ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ፣ በተለይ አብሯችሁ ያለ ሰውም ካመመው፣ ወዲያው ውጪ ውጡ። «ከሰል መታኝ» ሲባል ሎሚ ማሽተትና ወተት መጠጣት ይለመዳል። ሁለቱም ጋዙን ከደም አያስወጡትም። የሚያስወጣው ንጹህ አየር፣ ከበረታም በጤና ተቋም የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ጊዜ ሳታባክኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።
- ውኃ ጠጡ። ብዙዎቻችሁ ሽንት ቤት ስለሌለ ውኃ እንደማትጠጡ አውቃለሁ። ሽንት መያዝና ውኃ ማነስ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ኩላሊት ደርሶ ያለጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። ከጎረቤት ሱቅ ጋር ተነጋግራችሁ የምትሄዱበት ቦታ አዘጋጁ።

የአይረን ክኒን ለታዘዘላችሁ፦

- ክኒኑን ከቡናና ከሻይ ለዩት እንጂ ክኒኑን አትተዉት። ቡናን ጨርሶ ማቆም ግዴታ አይደለም። ከቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት፣ ወይም ከጠጣችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዋጡት። ቀኑን ሙሉ ቡና ጋ ለምትውሉ የሚቀለው ማታ ከተዘጋ በኋላ፣ ከመተኛት በፊት ነው። ብርቱካን ወይም የሎሚ ጭማቂ በውኃ አብራችሁ ብትወስዱት ይበልጥ ይመጠጣል። ሰገራችሁ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ከክኒኑ ነው።

ለቤት አከራዮችም አንድ ቃል አለኝ። መስኮቱን ለሌባ ብላችሁ በሚስማር ከምትመቱት የብረት ፍርግርግ አድርጉበት። ሌባ አይገባም፣ አየር ግን ይገባል። ለከተሞቻችን አስተዳደሮች ደግሞ፦ የንግድ ፈቃድ ስትሰጡ የሚሸጠውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ክፍሉ መተንፈሻ እንዳለው እዩ። ለገበያው አካባቢም የሕዝብ ሽንት ቤት ሥሩ። የጀበና ቡና ሥራ የሺዎች ሴቶች እንጀራ ነው። እንጀራቸው ሳንባቸውን እንዳይበላው ማድረግ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ወደዚያች ልጅ ልመለስና ላብቃ።

ያን ቀን የራስ ምታት ክኒን አልሰጠኋትም። ተነስቼ በሩን ከፈትኩ፣ ከዚያ ከሁለት ባጃጅ ሹፌሮች ጋር ማንደጃውን ተሸክመን በረንዳ ላይ አወጣነው። ይቅርታም ጠየቅኳት። «ቡና አቁሚ ያልኩሽ ስህተት ነው። ሥራሽን አታቁሚ። አንቺ የምትጠጪውን ሁለት ስኒ አድርጊው፤ ክኒኑን ማታ ከዘጋሽ በኋላ ዋጪው፤ ፍሙን ከቤት አውጪው» አልኳት። «ይኼን ያኔ ቢሉኝ ኖሮ...» ብላ ሳትጨርሰው ሳቀች። ሳቋ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ማንደጃው አሁንም ውጪ ነበር። ከላዩ አሮጌ ቆርቆሮ ተደግፎለታል። መስኮቱ ላይ ያለው ሚስማርም ተነቅሏል። ወደ ክትትሏ ተመልሳለች፤ ክኒኑንም ጀምራለች። የደም ምርመራዋ ውጤት ገና ስለሆነ «ዳነች» ብዬ አልነግራችሁም። ራስ ምታቱ ግን ቀለል እንዳለላት ነገረችኝ። ሁለት ደንበኞች «ነፋሱ እኮ ቡናውን አቀዘቀዘው» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ።

እኔም ቡናዬን ቀዝቀዝ እንዳለ ጠጣሁት። ከ65 ዲግሪ በታች መሆኑ ነው፤ ለጉሮሮዬም ጥሩ።

ውድ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ወይም ነገ ቡና ልትጠጡ የሆነ ቦታ ጎራ ማለታችሁ አይቀርም። ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ከመቀመጣችሁ በፊት በሩን ክፈቱትና የምታፈላውን ልጅ «ራስሽን ያምምሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። «አዎ፣ ከሰዓት ከሰዓት» ካለቻችሁ ይህንን ጽሑፍ አንብቡላት። ስልክ ካላትም ላኩላት።

ጤናችሁን ያብዛላችሁ። ቸር ይግጠመን!